ማሳሰቢያ፦ አሮጌ የጂም ብረት በቤታችሁ ለምታድሱ

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ጧት፣ 20 ኪሎ የሚመዝን ፕሌት አራተኛ ፎቅ ላይ ከአንድ ልጅ እጅ አመለጠ። ደረጃ ለደረጃ እየተንከባለለ ወርዶ ከታችኛው የብረት በር ጋር ተላተመ። ሰው አልነካም። በሩ ግን እስከ ዛሬ በወጉ አይገጥምም። ፕሌቱ የኔ አልነበረም፤ የጣለውም እኔ አይደለሁም። ቢሆንም የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ቤቴ መጥተው «ልጄ፣ ይሄን የብረት በሽታ ለልጆቹ ያጋባህባቸው አንተ ነህ። ማሳሰቢያውንም አንተው ትጽፋለህ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከዓመታት በፊት በረንዳዬ ላይ ዝገት የበላው ቤንች ሳድስ ቆመው ያዩኝ የነበሩት ልጆች ዛሬ የየራሳቸው ብረት አላቸው።

አሮጌ ብረት ማደስን አልቃወምም። አዲሱ ዕቃ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው፣ ዋጋውም የሚቀመስ አይደለም። ቀልጦ የተሠራ ብረት ደግሞ ለአያት ተገዝቶ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። የሚያረጀው ብረቱን የያዘው ነው፦ ብየዳው፣ ብሎኑ፣ ካቦው፣ ሽቦው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚያ ላይ ነው።

ስትገዙ

ምናለሽ ተራም ሂዱ ሌላ ቦታ፣ ማግኔት በኪሳችሁ ያዙ። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ትንሽ ማግኔት ይበቃል። የቤንች እግር ተሰንጥቆ ስንጥቁ በስቱኮ ተሞልቶ ቀለም ከተቀባ በዓይን አይለይም። ማግኔቱ ግን ብረቱን ጥብቅ አድርጎ ይይዝና ስቱኮው ላይ ሲደርስ ይለቃል። ሻጩ ቅር ቢለው ቅር ይበለው።

ፕሌት ስትመርጡ በቀዳዳው ገመድ አስገብታችሁ አንጠልጥሉትና በቁልፍ ምቱት። ደህናው እንደ ደወል ያስተጋባል፤ የተሰነጠቀው «ዷ» ብሎ ይቀራል።

ባሩን ጠፍጣፋ ወለል ላይ አንከባሉት። መሐሉ ከፍ ዝቅ ካለ ጎብጧል። በእሳት አሙቀን እናቃናዋለን የሚሏችሁን አትስሙ። የኦሎምፒክ ባር 2 ሜትር ከ20 ርዝመት፣ 20 ኪሎ ክብደት ያለው፣ ሲጫን ለመጥ ብሎ ሲራገፍ ወደ ቦታው እንዲመለስ ሆኖ የተዘጋጀ ብረት ነው። እሳት ያንን ጠባዩን ያጠፋዋል። የተሰበረ ባር ደግሞ በብየዳ አይቀጠልም። በዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም።

የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ፤ መዝኑ። ከአሜሪካ የመጣ ፕሌት ላይ 45 የሚል ካያችሁ ፓውንድ ነው፤ በኪሎ 20.4 ብቻ። አንድ የሰፈራችን ወጣት ሁለት እንዲህ ያሉ ፕሌቶች 20 ኪሎ ባር ላይ እየጫነ «110 ኪሎ እገፋለሁ» ሲለን ቆይቷል። ሲገፋ የነበረው 61 ኪሎ ገደማ ነው። በኋላ አንድ ጂም ገብቶ በእውነተኛው 110 ኪሎ ሥር ተኛ። ሁለት ሰዎች ሮጠው ባያነሱለት ኖሮ ደረቱ ላይ ይቀር ነበር። የቁጥር ስህተት የሚጎዳው ስህተቱ በተሠራበት ቤት ብቻ አይደለም።

ሚዛኑ የት ይገኛል ለምትሉ፣ ወፍጮ ቤት። ሰው ሳይበዛ ከሰዓት በኋላ ሂዱና ወፍጮ ቤቱን አስፈቅዱ። ሚዛኑ ላይ ማዳበሪያ አንጥፉ፤ የሰው ጤፍ ዝገት አይልበስ። እኔ 20 ተብሎ የተጻፈባቸው ሁለት ፕሌቶች መዝኜ አንዱ ከሌላው 1 ኪሎ ተኩል በልጦ አግኝቼዋለሁ። ወራት ሙሉ ቀኝ ትከሻዬን ሲያመኝ የነበረው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያን ዕለት ነው። ከመዘናችሁ በኋላ ትክክለኛውን ክብደት በቀለም ጻፉበት። ቀለም ካላነሳችሁ በውድድር የሚሠራበትን ሥርዓት ተከተሉ፦ 25 ኪሎ ቀይ፣ 20 ሰማያዊ፣ 15 ቢጫ፣ 10 አረንጓዴ። ሌላ ጂም የሄደ ልጅ አይደናገርም።

በዱቄት ወተት ቆርቆሮ የተሞላ የሲሚንቶ ክብደት የብዙዎቻችን መጀመሪያ ነው፤ አልንቀውም። ሲሚንቶ በተመሳሳይ መጠን የብረት ሲሶ ገደማ እንደሚመዝን ግን እወቁ፤ በዓይን ግምት አትጫኑ። የሁለቱን ጫፍ ክብደት ሳታስተካክሉ፣ ሲሚንቶው ውስጥ ቱቦውን የሚይዝ አግዳሚ ብረት ሳይበየድለት ከራሳችሁ በላይ አታንሱት። ከጊዜ ብዛት ሲሚንቶው ይላቀቅና ቱቦው እጃችሁ ላይ ቀርቶ ቆርቆሮው ለብቻው ይወርዳል።

አሁን የማነሳው ነገር የሚያስከፋቸው አሉ። ለስኳት ማቆሚያ የሚሆን አንግል ብረት ስታፈላልጉ፣ በዚንክ የተለበጠ፣ ጫፉ ላይ በረድፍ የተበሳ፣ ዋጋው ከገበያው እጅግ የወረደ ብረት ካጋጠማችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ከኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ ምሰሶ የተፈታ ሊሆን ይችላል። የዚህ ዓይነት ስርቆት በአገራችን እየተደጋገመ የሚሰማ ነው። ጥቂት አንግል የጎደለው ምሰሶ ቆሞ ይቆይና ነፋስ የመጣ ቀን ይወድቃል፤ ከተማም አብሮ ይጨልማል። «እኔ ገዛሁ እንጂ አልሰረቅኩም» የሚለውን ብዙ ሰምቻለሁ። ገዢ ባይኖር ሌሊት ምሰሶ ላይ የሚወጣ አይኖርም። የመንገድ ጉድጓድ ክዳንም እንዲሁ ነው። «ክብ ነው፣ ከባድ ነው፣ መሐሉን ቢበሱት ምርጥ ፕሌት ይወጣዋል» ያለኝ ወጣት አለ። ማታ ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባው እናቱ ልትሆን እንደምትችል ስነግረው ዝም አለ። በዚንክ የተለበጠ ብረት፣ በሕጋዊ መንገድ የተገዛም ቢሆን፣ ሽፋኑ ሳይፋቅ አይበየድ። የሚወጣው ነጭ ጢስ ማታ ላይ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል።

ዝገት ስታስለቅቁ

በረኪና አትንኩ። በረኪና ልብስ ያነጣ ይሆናል እንጂ የብረትን ዝገት ያባብሳል። ከአቼቶ ጋር ደግሞ በምንም ምክንያት አታገናኙት። እኔ ሁለቱን ቀላቅዬ ጉልበቱን እጥፍ አደርጋለሁ ብዬ መታጠቢያ ቤት በሩን ዘግቼ ሠርቻለሁ። የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው። ዓይኔ ሲቃጠል፣ ጉሮሮዬ ሲዘጋ በአራት እግሬ እየዳህሁ ወጣሁ፤ ሳሉ ሳምንት ቆየ። ያን ቀን ቤት ውስጥ ሕፃን ቢኖር ኖሮ ብዬ ሳስብ ዛሬም ይዘገንነኛል። የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድም ከበረኪና ጋር እንዲሁ ነው።

አቼቶ ብቻውን ይበቃል። ፕሌቱን በፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ አድርጉና እስኪሸፍነው አቼቶ ሙሉበት፤ አየር ባለበት ቦታ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ተዉት። ከዚያ በሽቦ ብሩሽ ፈትጉት፣ ቤኪንግ ሶዳ በገባበት ውኃ እጠቡት፣ ወዲያው አድርቁት። «ወዲያው» ስል ቡና እስኪፈላ አትጠብቁ ማለቴ ነው፤ እርጥብ ብረት በደቂቃዎች ውስጥ መልሶ ይቀላል። በደንብ ያልደረቀ ብረት ላይ የተቀባ ቀለም በክረምት እንደ ቅርፊት ይረግፋል። ፀሐይ ከሌለ በጨርቅ አሹት፣ በፀጉር ማድረቂያ ንፉት። በእናቴ የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ያደረቅኩበት ጊዜ አለ፤ ስለዚያ ቀን በቤታችን ዛሬም አይወራም። ምጣድ ላይ የቀረው የድሮ ቀለም ቅሪት እንጀራው ውስጥ እንደሚገባ እሳቸው በቁጣ የተናገሩትን እኔ በኋላ ሳነብ ነው የተረዳሁት።

ኒኬል ወይም ክሮም የተለበጠ ባር አቼቶ ውስጥ አይነከርም፤ ልባሱ ይላጣል። ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅና በናስ ብሩሽ ይጠረጋል። ይህ ሲሠራ ምድጃ፣ ከሰል፣ የቡና ማፍያ በአጠገቡ አይኑር። ብረቱን በተልባ ዘይት የምታሹ ከሆነ ደግሞ የራሰው ጨርቅ ተጨማድዶ ማዳበሪያ ውስጥ አይጣል። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ የታፈነ ጨርቅ ደግሞ ክብሪት ሳይጫርበት ሊነድ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁትና ጣሉት።

ስለ አሮጌ ቀለም። በድሮ ቀለሞች ውስጥ እርሳስ የተለመደ ነበር፤ አገራችን በደንብ የገደበችው በቅርብ ዓመታት ነው። አቧራው ከማንም በላይ የሚጎዳው ሕፃናትንና እርጉዞችን ነው። ስለዚህ አሮጌ ቀለም በደረቁ አይፋቅ። ውኃ የሚችል ብርጭቆ ወረቀት ገዝታችሁ እያረሳችሁ ፈትጉ፤ አፍንጫና አፋችሁን ሸፍኑ፤ የወደቀውን በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ሰብስቡ። የሠራችሁበትን ልብስ ከልጆች ልብስ ጋር አታጥቡ። ሰገነት ላይ፣ የሰው በርበሬ በተሰጣበት፣ ብርጭቆ ወረቀት ይዞ የሚወጣ ሰው ካየሁ ግን ከኮሚቴው በፊት የምደርሰው እኔ ነኝ።

ግራይንደር የምትጠቀሙ መከላከያውን አትፍቱ። ከትልቅ ግራይንደር የተረፈ ዲስክ ለትንሹ አይሆንም፤ ዲስኩ ላይ የተጻፈው የዙር ቁጥር ከማሽኑ ካነሰ ይፈነዳል። የዓይን መነጽር ግዴታ ነው። ለአንድ ፕሌት ግን ግራይንደር መከራየት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ቀለሙ ቀላል ነው፦ አንድ ጊዜ አንቲረስት፣ ሁለት ጊዜ ስስ ቀለም፣ በመካከሉ በደንብ መድረቅ። የባር መያዣ አይቀባ፤ እጅ ያንሸራትታል።

ሰው የሚሸከመውን ስትጠግኑ

ቀለሙ ያልተስተካከለ ፕሌት ማንንም አይገድልም። ቤንች፣ የስኳት ማቆሚያና ካቦ ግን ይገድላሉ። የቀሩት ነገሮች ላይ ለመቆጠብ ብትፈልጉ ቆጥቡ፤ እዚህ ላይ አትቆጥቡ።

የድሮ ብሎን አትመልሱ። ራሱ ላይ 8.8 የተጻፈበት ብሎን ግዙ፤ ምንም ያልተጻፈበት ለመጋረጃ ዘንግ ይሁን። ዳዶው ናይለን ያለው ከሆነ አንዴ ከተፈታ በአዲስ ይቀየር። ሮንዴላ አትርሱ። ብሎን የሚፈታውም የሚጠብቀውም በልኩ ቁልፍ ነው፦ ለ10 ሚሊ ሜትር ብሎን 17 ቁጥር፣ ለ12 ሚሊ ሜትር 19 ቁጥር። በፒንሳ የተፈታ ብሎን ጥርሱ ይበላል፤ በኋላም የማይጠብቅ፣ የማይፈታ ይሆናል።

የተሰነጠቀ ብየዳ ላይ ሌላ ብየዳ አይደረብም። አሮጌው ተፍቆ ወጥቶ፣ ንጹሕ ብረት ላይ እንደ አዲስ ይበየዳል፤ ይህን የሚሠራው ባለሙያ በያጅ ነው። አንድ በያጅ ቤንቼን ላዩ ላይ አንጠባጥቦበት በጥቁር ቀለም ሸፍኖ ሰጥቶኝ፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ከነክብደቱ ወለል ላይ ተቀምጬ ራሴን አገኘሁት። ከዚያ በኋላ የተከተልኩት ሥርዓት ይኸው ነው፦ ሰው ከመተኛቱ በፊት ሲሚንቶ ይተኛበት። ሦስት ከረጢት ሲሚንቶ 150 ኪሎ ነው፤ ጎረቤት ቤት የሚያሠራ ካለ ለአንድ ሌሊት ይውሰዱት፣ ካልሆነ አሸዋ በማዳበሪያ ሙሉ። ቤንቹ ላይ ጭናችሁ እደሩ። ጧት እግሩ ከተከፈተ ወይም ብየዳው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ካያችሁ ሲሚንቶውን አመስግኑት። ሦስት ከረጢት ከእናንተና ከምታነሱት ክብደት ድምር ካነሰ አራተኛ ጨምሩ።

የካቦ ማሽን ያላችሁ፣ ፑሌጃው ላይ የሚያልፈውን ካቦ በየወሩ በጨርቅ ይዛችሁ ከዳር እስከ ዳር ሳቡት። ጨርቁን የሚይዝ አንዲት ክር ካለች ካቦው በቅቶታል። የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ካቦም ሆነ የልብስ ማስጫ ሽቦ በምትኩ አይሆኑም። ሲበጠስ ክብደቱ ይወርዳል፣ የያዛችሁት እጀታ ደግሞ ወደ ፊታችሁ ይመጣል።

ስፖንጁን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም፤ ከሸተተ ጣሉት። የመኪና ወንበር ልባስ የሚሠሩ ሰዎች ጥሩ ሌዘር በልኩ ይሰፉላችኋል።

መብራት የሚሠራ ዕቃ

ትሬድሚል ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባው ላይ ያለውን የብረት ጽሑፍ አንብቡ። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። ዘመድ ከአሜሪካ ያስጫነው አብዛኛውን ጊዜ ከ110 እስከ 120 ቮልት ነው። እንዲሁ ከተሰካ በሰከንዶች ውስጥ ቦርዱ ይቃጠላል፤ እጅግም ዕድል ከጎደለ ቤቱም አብሮ። ትራንስፎርመር ስትገዙ ከማሽኑ ዋት በላይ የሚሸከም ይሁን፤ ለሬዲዮ የተሠራ ትንሽ ሳጥን ለ2000 ዋት ሞተር አይበቃም።

ሶኬቱ ሦስት እግር ካለው ሦስቱም ይሥሩ። «ሦስተኛው ጥቅም የለውም» ብሎ የሚሰብር ብዙ ነው፤ ሽቦው የማሽኑን ሰውነት የነካ ዕለት መብራቱን መሬት የሚያወርደው እሱ ነበር። ትሬድሚልን ቴሌቪዥንና ምጣድ በተሰኩበት ማከፋፈያ ላይ አትጨምሩ። ሶኬት ነቅላችሁም ቢሆን የሞተሩን ክዳን ከፍታችሁ ወዲያው ቦርዱን አትንኩ፤ ካፓሲተሩ መብራት ያቆያል። ለዚህ ኤሌክትሪሻን ጥሩ።

የመሮጫው ቀበቶ ሥር የሚገባው የሲሊኮን ዘይት ነው። የሞተር ዘይት ወይም የምግብ ዘይት ያስገባ ሰው ቀበቶውን ይበላል። ውጥረቱን ስትለኩ መሐሉን በእጅ አንሱት፤ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ከተነሳ ልክ ነው።

መብራት እየጠፋ በሚመጣበት ሰፈር ያላችሁ፣ እጃችሁ ከመያዣው ሩቅ አይሁን፤ ማሽኑ እየሮጣችሁ ቀጥ ሊል ይችላል። እንደጠፋም ሶኬቱን ንቀሉ፤ ተመልሶ ሲመጣ የሚመጣው ጉልበት ቦርድ ይገድላል። ስትጨርሱ የደኅንነት ቁልፉን አውጥታችሁ ቁምሳጥን ላይ አስቀምጡ። የሁለት ዓመት ልጅ ጣት ቀበቶና ሮለር መካከል ለመግባት ስፋት አያስፈልጋትም።

ታች ያሉትን አስቡ

የኮንዶሚኒየማችን ወለል ተገጣጣሚ ቢምና በመሐሉ ክፍት ብሎኬት ነው። የመኖሪያ ቤት ወለል ሲነደፍ በተለምዶ የሚታሰበው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ ነው። ክብደታችሁን ሁሉ አንድ ጥግ አትከምሩ፤ በግድግዳው ዳር በትኑት። ከተቀመጠ ክብደት ይልቅ የሚጣለው ይብሳል። ወለሉ ላይ ጎማ አንጥፉ። በረባሶ የሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ጠፍጣፋ የጎማ ቁራጭ ታገኛላችሁ፤ ከተዘጋጀው ምንጣፍ ይረክሳል፣ ይጠነክራልም።

ከጧቱ 1 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ብረት አይንኳኳ። ታች ያሉት አዛውንት በልጅነታቸው ወወክማ ስፖርት ሲሠሩ ያደጉ ናቸው፤ ከማንም በላይ ይረዱናል። ቢሆንም ጣሪያቸው ላይ ስንጥቅ አሳይተውኛል።

የዝገት ውኃና የቀለም ማቅጠኛ አኳራጅ በእቃ ማጠቢያ ቱቦ አትድፉ። ኮሚናሉ ውስጥም፣ ለድግስ የሚታረድበትና ወጥ የሚሠራበት ስለሆነ፣ ዝገት አይታጠብ። የአቼቶውን ውኃ በቤኪንግ ሶዳ አርግቡትና በጆንያ አጣሩት፤ ዝቃጩን ከደረቅ ቆሻሻ ጋር አስወግዱ።

በደረጃ ስታወጡና ስታወርዱ ፕሌት አይንከባለል። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ፕሌት፣ በሁለት እጅ፣ ቀዳዳው ውስጥ ገመድ አስገብቶ የእጁ አንጓ ላይ ጠቅልሎ። ባር በሁለት ሰው። ልጆች ከትምህርት ቤት በሚመለሱበት ሰዓት ምንም አይወሰድ።

የማይታደሰውን

ያን የወደቅኩበትን ቤንች ለቆራሌው ሸጥኩት። እንደ ብረት ነበር የሸጥኩት። ከወራት በኋላ አንድ ወዳጄ የሚያሠለጥንበት ግቢ ገብቼ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ቤንች ላይ አንድ ልጅ ተኝቶ አየሁ። እግሩ ጋ ያለውን ብየዳ በሚገባ አውቀዋለሁ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ተኝቼበታለሁ። ልጁን አስነስቼ ቤንቹን ገልብጬ ሳሳየው ስንጥቁ ጣት ያስገባል። ለቆራሌው የሰጠሁት እኔ ነኝ። በሰላም ተነሣ እንጂ ሌላ ነገር ልጽፍ ነበር።

ስለዚህ የማይታደሰውን ስትሰጡ መልሶ እንዳይቆም አድርጋችሁ ስጡ። የቤንቹን እግር በመጋዝ ቁረጡት። ካቦውን በመቁረጫ ሦስት ቦታ በጥሱት። የተሰነጠቀውን ፕሌት በመዶሻ ሰባብሩት፤ ኪሎው እንደሆነ አይቀንስም፣ ቆራሌውም የሚከፍላችሁ በኪሎ ነው። የጎበጠውን ባር ለሁለት ቁረጡት።

ቅዳሜ ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ ቀትር ታችኛው በር አጠገብ ነኝ። ማግኔት፣ የናስ ብሩሽና አንድ አሮጌ የእህል ሚዛን አለኝ፤ ለምትፈልጉ በነፃ። የተጠራጠራችሁትን ብየዳም አምጡ፣ አብረን እናየዋለን። ባለፈው ቅዳሜ 19 ቁጥር ቁልፌን የተዋሰ ሰው ይመልስልኝ፤ የበሩን ማጠፊያ ለማጥበቅ ቀጠሮ ይዣለሁ።